የጣልነው የማን ነው?

በሬዎ ሌሊት ከበረት አምልጦ የጎረቤት ሽምብራ ሲግጥ ቢያድር፣ ጠዋት ሽማግሌ ፊት ቆመው «ምን ላድርግ፣ አምልጦኝ ነው» ማለት ይችላሉ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያዝኑልዎታል። ካዘኑልዎ በኋላ ግን «ታዲያ ካሳውን መቼ ይከፍላሉ?» ማለታቸው አይቀርም። ይኼ የትኛውም የአገራችን ገበሬ ያለ ጠበቃ የሚያውቀው ሕግ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገረም። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም፣ እንስሳው ላጠፋው ጥፋት ኃላፊ ነው ይላል። ባለቤትነት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው። በሬው ሲያርስልዎ ብቻ ሳይሆን ሲያጠፋም የእርስዎ ነው።

ጥያቄዬ ታዲያ ይቺ ናት። ያመለጠ በሬ የባለቤቱ ከሆነ፣ ከእጃችን ያመለጠው ፌስታልስ የማን ነው?

መቼም «የማንም አይደለም» ብለን መመለስ ይቀናናል። አማርኛችንም ለዚህ የምትመች አንዲት ቃል ሰጥታናለች፤ «ወዲያ» የምትባል። «ወዲያ ጣለው» እንላለን። «ወዲያ በለው» እንላለን። ወዲያ የት እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ከአጥራችን ውጪ ከሆነ ይበቃናል። ችግሩ የእኛ ወዲያ የሌላው ሰው ወዲህ መሆኑ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን ማክሰኝት ላይ እንየው። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ አዘዞን አልፈው የሚያገኟት፣ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ የሆነች፣ ስሟ ራሱ ማክሰኞን የሚያስጠራ የገበያ ከተማ ናት። ጤፉ፣ ማሽላው፣ ሽምብራው፣ ሽንኩርቱ ከዙሪያዋ ገጠር ይገባል፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና ጫማ ደግሞ ከእሷ ወደ ገጠር ይወጣል። ገበያ ሲበተን ሰውም አህያም ወደየቤቱ ይመለሳል። የማይመለስ ነገር ቢኖር ፌስታል ነው። ነፋስ ያነሳዋል፣ አጥር ላይ ይሰቅለዋል፣ ማሳ ውስጥ ይዘራዋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፍ ይረከበዋል። የማክሰኝት ወንዝ ጉማራ መድረሻው ጣና ነው። በላይ በኩል የጎንደር ከተማን ጥራጊ እየተቀበሉ የሚወርዱት ቀሃና አንገረብ መገጭ ይገባሉ፤ መገጭም ጣና ይገባል። ጎንደርም ሆነች ማክሰኝት «ወዲያ» ሲሉ ሳያውቁት «ጣና» እያሉ ነው ማለት ነው።

«እና አንድ ፌስታል ምን ያደርጋል?» ይባል ይሆናል። ላም ትበላዋለች። ጨው የነካው፣ የምግብ ሽታ ያለው ፌስታል ለላም ቅጠል ማለት ነው። ጨጓራዋ ግን አይፈጨውም፤ ተመልሶም አይወጣም። እየተጠቀለለ፣ እየተቋጠረ የሣሩን ቦታ ይይዛል። ላሟ እየበላች ትከሳለች፣ ወተቷ ይነጥፋል፣ አንድ ቀን ትወድቃለች። የእንስሳት ሐኪሞቻችን በየቄራው የከብት ሆድ ሲከፈት ደጋግመው የሚያገኙት ነገር ነው። የላሟ ባለቤት ግን ሐኪም ካላያት በቀር ምን እንደገደላት አያውቅም። «ዓይን በላት» ብሎ ይቀመጣል። አንዳንዱም ከመንደሩ ባሻገር ያለውን ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ በጥርጣሬ ያይ ይሆናል። ላሟን የበላት ግን ገበያ መሀል ፌስታሉን የጣለው ሰው ነው። እሱ ደግሞ ቤቱ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ በሰላም ተኝቷል። ማንንም አልበደለም። ሕሊናውም አይወቅሰውም።

ነገሩን የሥነ ምግባር ጥያቄ የሚያደርገው ይኼ ነው። ሌባ የማንን እንደሰረቀ ያውቃል። ተሳዳቢ ማንን እንደሰደበ ያውቃል። ቆሻሻ ጣይ ግን በዳዩ ራሱ መሆኑን አያውቅም፣ ተበዳዩም ማን እንደበደለው አያውቅም። በመካከላቸው ነፋስና ጎርፍ ይገባል። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ከራሳችን ያለፈውን ሁሉ ለነፋስ ሰጥተናል፤ ነፋሱም አደራውን እየተቀበለ ለሰው ማሳ ያደርሳል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። እውነት ነው፤ ሸክም ሲካፈሉት ይቀልላል። እኛ የተካፈልነው ግን ሸክሙን ሳይሆን ጥፋቱን ነው። ጥፋት ደግሞ ለሃምሳ ሲካፈሉት ባለቤት ያጣል። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» የሚለው ቃል የሚወለደው እዚህ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዳኝነት እንመለስና፣ ሃምሳ በሬ አምልጦ ሽምብራውን ጠራርጎ ቢበላ «የእኔ በሬ የበላው አንድ እፍኝ ነው» የሚል ባለቤት ይሰማ ይሆን? እፍኙን ይከፍላታል እንጂ ነፃ አይወጣም።

በጣና ላይ እምቦጭ መስፋፋቱ ከታወቀ፣ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ የምናየው ነገርም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። እምቦጭ የፌስታል ልጅ አይደለም። የሚመገበው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ የሚባሉትን ንጥረ ነገሮች ነው። እነሱ ደግሞ ከየተራራው ከሚታጠበው አፈር፣ ከየማሳው ከሚወርደው ማዳበሪያ፣ ከየከተማው ከሚለቀቀው ፍሳሽ ይመጣሉ። ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አበላነው። አረሙን ለመንቀል ውኃ ውስጥ እስከ ወገቡ ሲገባ የኖረው ግን በአብዛኛው በሐይቁ ዳር ያለው ገበሬ ነው። ፍሳሹን የለቀቀው ከተሜ በቴሌቪዥን አይቶ «አቤት ጣና!» ብሏል።

እዚህ ላይ «አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ሐሰት አይደለም። የፈረንጅ ሊቃውንት ዛሬ «ሰርኩላር ኢኮኖሚ» የሚሉትን፣ ባማርኛ «ዑደታዊ ኢኮኖሚ» የምንለውን ነገር፣ የጎንደር ገበሬ ስም ሳያወጣለት ኖሮበታል። ነጠላ ሲያረጅ የሕፃን መጠቅለያ፣ ከዚያ መወልወያ፣ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ ይሆናል። የጠላ አተላ ለከብት ነው። እበት አውድማና ጎተራ ይለቀለቅበታል፣ ጭድ ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል፣ የሞተ በሬ ቆዳ አቁማዳና ጠፍር ይሆናል። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ነው፤ ከዚያም የተረፈው ድርቆሽ። ሊጡ እንኳ የዛሬው ካለቀ በኋላ ለነገ እርሾ ይቀመጥለታል። የመኪና ጎማ አገራችን ሲገባ በቶሎ በረባሶ ሆኖ እግራችን ላይ ወጣ። አዲስ አበባም መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባል ሰፈር አላት፤ የዘይት በርሜል ገብቶ ምድጃ፣ የጣሳ ክምር ገብቶ ኩራዝ ሆኖ የሚወጣበት።

ግን እስቲ ራሳችንን አንሸንግል። ይኼ ሁሉ ጨዋነት ነበር ወይስ ማጣት? ነጠላውን እስከ ማሰሻ ያደረስነው ለነገሩ ክብር ስላለን ነው ወይስ ሌላ ነጠላ መግዣ ስለሌለን? ምርጫ በሌለበት የተደረገ ቁጠባ ምግባር ሊባል ይችላል ወይ? በልቶ ያላደረ ሰው «ጾምኩ» ቢል ማን ይቀበለዋል? ደግሞም ያ ዘመን ንጹሕ ዘመን አልነበረም። ዝንቡም፣ ተቅማጡም፣ የወንዝ ዳር ሜዳ መውጣቱም ነበር። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን ማሠልጠን የጀመረው፣ ወጣቶቹም በየገጠሩ እየዞሩ «ሽንት ቤት ቆፍሩ» ሲሉ የከረሙት በከንቱ አልነበረም።

ፈተናው የመጣው ትንሽ ስናገኝ ነው። ብር እጃችን ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የተውነው ነገር ያንን ልማድ ነው። አቁማዳ የገጠሬነት ምልክት ሆነ፣ ፌስታል የሥልጣኔ። ይኼ የሚነግረን ልማዱ ከማጣት ጋር ተሰፍቶ እንደነበረ ነው። ሆኖም ሙሉ በሙሉ ማጣት ብቻ ነበር ብል ደግሞ እዋሻለሁ። መሬት የወደቀ ቁራሽ እንጀራ አንስቶ፣ ሰው እንዳይረግጠው ከፍ ያለ ቦታ የሚያስቀምጥ ሰው ዛሬም አለ። ያንን ቁራሽ አይበላውም፤ ስለዚህ ከማጣት አይደለም። እህል ክቡር ነው ብሎ ነው። በቁራሹ ውስጥ አራሹን፣ አራሚውን፣ አጫጁን፣ ፈጪዋን፣ ጋጋሪዋን ያያል። የድሮ ዕቃ እንዲህ ዘመድ ነበረው። ነጠላውን እናት ፈትላዋለች፣ እንስራውን የምናውቃት ሴት ጠፍጥፋዋለች፣ አቁማዳው የእኛው በሬ ቆዳ ነው። ፌስታል ግን ዘመድ የለውም። ማን እንደሠራው፣ ከምን እንደሠራው አናውቅም። በነፃ ይሰጠናል፣ ሩብ ሰዓት እንጠቀምበታለን፣ ከዚያ በየማሳው ከልጅ ልጆቻችን ጋር ይኖራል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እንላለን። አህያዪቱ ያለችው ለቀልድ ነበር፤ እኛ ግን እየሠራነው ነው። ፌስታል የሞላው አፈር ላይ ሰርዶም አይበቅል።

ከፌስታሉ አልፈን ጥራጊያችንን ብንበትነው ሌላ ዕዳ እናገኛለን። የከተሞቻችን ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የጫት እንጨት፣ አመድ። ይኼ ሁሉ የወጣው ከገበሬው አፈር ነው። ገጠሩ በየገበያው ቀን የአፈሩን ስብ በጆንያ እያሰረ ለከተማ ይሰጣል። ከተማ ገንዘቡን ይከፍለዋል፣ የአፈሩን ስብ ግን አይመልስለትም። ገደል ይከተዋል ወይ ያቃጥለዋል። ገበሬው ደግሞ የተራቆተ አፈሩን ለማዳን በውድ ዋጋ፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ማዳበሪያ ይገዛል። ማገዶ ሲያጣም ማሳው ላይ መውደቅ የነበረበትን እበት ኩበት አድርጎ ያነደዋል። እህሉን እንገዛለን፤ አፈሩን ግን የገዛነው ይመስል በልተን አንመልስም። በአገራችን ቋንቋ ይኼ ውለታ መብላት ይባላል።

ሊመለስ እንደሚችል ደግሞ ያሳዩን ሰዎች አሉ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር በተሠራው የብስባሽ ወይም የኮምፖስት ሥራ ግንባር ቀደም ነበሩ። ምርቱ በገበሬው ማሳ ላይ እየተመዘነ ለዓመታት ተመዘገበ። ብስባሽ የገባበት ማሳ ምንም ካልገባበት ማሳ እጥፍ ገደማ ሰጠ፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ ከገባበትም አላነሰም፣ ብዙ ጊዜም በለጠ። ዶክተር ተወልደ በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ነገሩ ግን እሳቸውን የሚጠብቅ ምስጢር አልነበረም። ጉድጓድ፣ ቅጠል፣ እበት፣ አመድ፣ ውኃና ትዕግሥት ነው። አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። ልጣጩና ፌስታሉ አንድ ላይ መጣል የለባቸውም። ፕላስቲክ የተቀላቀለበት ብስባሽ ለማሳ ስጦታ ሳይሆን በደል ነው። መለየት የሚባለው ሥራ ከቤታችን፣ ከጓዳችን ይጀምራል ማለት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ የቆየ በሽታችን ብቅ ይላል።

እኛ አገር የተጣለውን የሚያነሳ ሰው ተጥሏል። የበሬውን ቆዳ ጫማና አቁማዳ ያደረገውን «ፋቂ» ብለን፣ ስብርባሪ ብረት ማረሻ ያደረገውን «ቀጥቃጭ» ብለን፣ ጭቃውን እንስራ ያደረገችውን «ቡዳ» ብለን ዘልፈናል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ስድቡ ቢበዛ ነው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ሸክላ ይሠሩ፣ ብረት ይቀጠቅጡ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1970ዎቹና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ማረሻቸውን ስንፈልግ፣ እነሱን ስንሸሽ ነበር የኖርነው። ዛሬም «ቁራሌው!» እያለ በየበሩ የሚዞረውን ልጅ የምናየው በዚያው ዓይን ነው። ጎህ ሳይቀድ መንገድ የምትጠርገውን እናት፣ በማኅበር ተደራጅተው በየቤቱ እየዞሩ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ወጣቶች በአፍንጫችን እንሸኛቸዋለን። ቆሻሻው የእኛ፣ ሽታው የእነሱ። ይኼ ምን ዓይነት የባለቤትነት ክፍፍል ነው?

የዚህ ክፍፍል ዋጋ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ላይ አዲስ አበባ፣ ቆሼ ላይ ተከፈለ። ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋ ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው የረጲ ተራራ ተንዶ ከሥሩ የነበሩ ቤቶችን ዋጠ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገር ሐዘን ተቀመጠ። ከሟቾቹ መካከል ከዚያው ክምር ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። አበስኩ ገበርኩ! የጣልነውን የሚያነሱልን ሰዎች በጣልነው ተቀበሩ። በማግስቱ ዓመት ነሐሴ ላይ በዚያው ስፍራ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታሰበ ፋብሪካ ተመረቀ። ፋብሪካ መልካም ነው። ግን «የጣልኩት የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ ፋብሪካ መልስ አይሰጥም። እርጥብ ልጣጭና ደረቅ ፌስታል ደባልቆ የሚሰጠው ሰው እስካለ ድረስ፣ እሳቱም ይቸገራል፣ አፈሩም ይራባል።

ከጎንደር ባሕር ዳር በመኪና የተጓዘ ሰው ሌላም ነገር ሳያይ አይቀርም። ከብት የሚጠብቁ ሕፃናት መኪና ባዩ ቁጥር እጃቸውን እየዘረጉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ሃይላንድ የውኃ ስም ነበር፤ በሕዝብ አፍ ግን የባዶው ፕላስቲክ ጠርሙስ ስም ሆኖ ቀርቷል። ተሳፋሪው ለመጣል ያሰበውን ልጁ ለማግኘት ይሮጣል። ለአንዱ ቆሻሻ፣ ለሌላው ዕቃ። ውኃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ ጠላ ይላክበታል። አንዳንዱ ተሳፋሪ በመስኮት ወርውሮ «ሰጠሁ» ይላል፤ ልጁም አስፋልት መሀል ይገባለታል። ይኼ መስጠት ነው ወይስ መጣል? እኔ ልዩነቱ ዕቃው ላይ ነው አልልም። የሰጠ ሰው ተቀባዩ እጅ መድረሱን ያያል፤ የጣለ ሰው ግን ዞሮ አያይም። መኪናው አቁሞ፣ ቆጥሮ፣ በእጅ ቢሰጥ ያው ጠርሙስ ስጦታ ይሆናል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። አገራችን ስለ ደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513ን ያወጣችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የፕላስቲክ ከረጢት ለማምረትም ለማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ የከለከለው ያኔ ነው። ስስ ፌስታል ግን በየገበያው መታየቱን አላቆመም። ሩዋንዳ በ2000፣ ኬንያ በ2009 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን ከለከሉ። እኛም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አጸደቅን። ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ አዋጅ ከአዲስ አበባ ማክሰኝት ገበያ እስኪደርስ መንገዱ ሩቅ መሆኑን ከ1999ኙ አይተናል። ደግሞም ሕግ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ሁለት መደብ ቃሪያ ዘርግታ የምትሸጠውን ሴት ነው እንጂ ፌስታሉን በቶን የሚያመርተውን ባለሀብት አይደለም። እሷን ቀጥቶ እሱን መተው በሬውን ትቶ ጭራውን መግረፍ ነው። የጣለ ሰው ባለቤት ነው ካልን፣ ዕቃው የሚመለስበትን መንገድ ሳያዘጋጅ ለገበያ የለቀቀውም ባለቤት ነው። እንዲያውም ዋናው እሱ ነው።

መመለሻ መንገድ ማበጀት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የቢራ ጠርሙስ ተመልከቱ። ጎንደር የሚጠመቀው ዳሽን ቢራ በጠርሙስ የትም ገጠር ይገባል፤ ባዶው ጠርሙስ ግን ሜዳ ላይ ተጥሎ አይከርምም። በሳጥኑ ተሰልፎ ወደ መጣበት ይመለሳል። ለምን? የጠርሙስ መያዣ ስላለ ነው። አንድ የገበያ ወግ ልጨምር። ወጣቷ ነጋዴ «አባባ፣ በፌስታል ላድርግልዎ?» ትላለች። ሽማግሌው «አይ ልጄ፣ አቁማዳዬ ምን ሆና» ይላሉ። «ፌስታሉ እኮ ብር የለውም» ስትላቸው «ብር ከሌለውማ ማን መልሶ ያነሳዋል?» ይሏታል። ነገሩ በቃ ይኼ ነው። በዓለም እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ከተፈጠረው 6.3 ቢሊዮን ቶን ገደማ የፕላስቲክ ቆሻሻ ውስጥ ዳግም ጥቅም ላይ እንዲውል የተደረገው ከመቶ 9 ገደማ ብቻ መሆኑን ተመራማሪዎች አስልተዋል። በሠለጠነውም ዓለም ዋጋ የሌለው ነገር አልተመለሰም።

«ታዲያ ሰው ጠርሙሱን የሚመልሰው ለመያዣው ብሎ ከሆነ ምኑ ነው ምግባር?» ብሎ የሚጠይቅ ፈላስፋ አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ግን እንዲህ አያለሁ። ዋጋና ሕግ ሰውን ደግ አያደርጉትም፤ ደግ ለመሆን ግን ቦታ ይሰጡታል። ማስቀመጫ በሌለበት፣ ሰብሳቢ በማይመጣበት፣ ፌስታል በግድ በሚሰጥበት ገበያ ንጹሕ ለመሆን ጻድቅ መሆን ያስፈልጋል። አገር ደግሞ በጻድቃን ብቻ አትጸዳም። መጀመሪያ ለመያዣው ብሎ የመለሰ ሰው፣ ልጁ ሲያየው ያድጋል፣ ለልጁ ልማድ ይሆናል፤ ለልጅ ልጁ ደግሞ አለመመለስ ነውር ይሆናል። ብዙው ጨዋነታችን እንዲህ የተወለደ ይመስለኛል። ስለዚህ ሥርዓቱን እስኪያበጁልን አንነካም ማለትም፣ ሰው ካልተለወጠ ሥርዓት ከንቱ ነው ማለትም፣ ሁለቱም ከሥራ ማምለጫ ናቸው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጦርነት ሲያስጨንቀው፣ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ፣ አንተ ስለ ፌስታል ታወራለህ?» ቢሉኝ አልቀየምም። ሰው ከላም ይበልጣል፣ ሰላምም ከጽዳት ይቀድማል። ነገር ግን ላሟ የጦርነቱን ማለቅ ጠብቃ አትታመምም። በጦርነት መሀል ያለች አንዲት ላም ደግሞ በደህናው ጊዜ ከነበሩ አምስት ላሞች ትበልጣለች፤ የቤቱ ወተትም፣ ትምህርት ቤትም፣ የክፉ ቀን ስንቅም እሷ ናት። ከዚህም በላይ «ከአጥሬ ውጪ ያለው አያገባኝም» የሚለው ሐሳብ በቆሻሻ ብቻ ተወስኖ አያውቅም። ጥራጊውን ለጎረቤት ያሻገረ ሰው፣ ችግሩንም ለጎረቤት ለማሻገር ብዙ አይቸገርም።

እንግዲህ መልሴን ልስጥ። የጣልነው የእኛ ነው። ከእጃችን ቢወጣም፣ ነፋስ ቢወስደውም፣ ስማችን ባይጻፍበትም የእኛ ነው። ከዚህ የሚከተለው ሥራ ደግሞ ለፍልስፍና የሚከብድ አይደለም። ወደ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል ወይም አቁማዳ ይዞ መውጣት ነው። ልጣጭና አመድን ከፕላስቲክ ለይቶ፣ ልጣጩን ለጓሮው ጎመን ወይም ለሚፈልገው ገበሬ መስጠት ነው። ቁራሌውን በስሙ ጠርቶ በክብር መሸኘት ነው። ማዘጋጃ ቤቱን «የገበያው ቦታ ማስቀመጫ የታለ? ማንስ መቼ ያነሳዋል?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ የገበያ ግብር የሚከፍል ሰው ይኼንን የመጠየቅ መብት አለው። አምራቹንና አስመጪውን ደግሞ «መያዣው ስንት ነው? የት እንመልስልህ?» ብሎ በሕግ መያዝ ነው።

የማክሰኝት ነፋስ በሚቀጥለው ገበያም መንፈሱን አይተውም። ይዞት የሚሄደው ነገር ማጣቱ ግን በእኛ እጅ ነው።